የሠርጋችንን ገንዘብ አክሲዮን ላይ ላውለው?

የሰሞኑ ደብዳቤዎች እንደተለመደው አብዛኞቹ "ወደድኳት፣ ዘጋችኝ" ናቸውና ተራቸውን ጠብቀው ይስተናገዳሉ። ዛሬ ግን ከመሐላቸው አንዱን ከፍቼ ሳነብ የያዝኩት ቡና እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ለምን እንደሆነ ኋላ ትረዱታላችሁ። በቅድሚያ ደብዳቤውን ላስነብባችሁ። (ስምና አድራሻ እንደ ልማዳችን ቀርቷል። ሰውዬውን ሊያሳብቅበት የሚችለውንም ነገር አውጥቼዋለሁ።)

"ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ የ28 ዓመት ወጣት ስሆን እዚሁ አዲስ አበባ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እጮኛ አለችኝ፤ አራት ዓመት አብረን ቆይተናል። ሠርጋችንን ለመጪው ጥር ቆርጠናል። ለዚሁ ጉዳይ ከሁለታችንም ደመወዝ በየወሩ እየቆነጠርን 420 ሺህ ብር አጠራቅመናል። የተቀመጠው በእኔ ስም ነው። ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ነገር ሹክ አለኝ። አንድ አነስተኛ ኩባንያ አለ፤ ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ ድርሻውን ሊሸጥ ይፈልጋል። የዚህ ኩባንያ ተፎካካሪ የሆነው ትልቁ ደግሞ በቅርቡ ለሕዝብ አክሲዮን ይሸጣል ተብሎ ይወራል። ባልደረባዬ እንደሚለው ትልቁ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ያኔ ሰው ሁሉ 'ትንሹስ?' እያለ ይሻማበታል፤ በሦስት ወር ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ሠርጉ ሳይደርስ ብሩን አውጥቼ መልሼ ባስቀምጠው ማን ያውቃል? ለእጮኛዬ አልነገርኳትም፣ ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነው ያሰብኩት። ሻጩ እስከ ቅዳሜ መልስ ስጠኝ ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል? በጣም ቸኩያለሁ።"

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሳነብ የራሴን የእጅ ጽሑፍ ያየሁ ነው የመሰለኝ። ሹክታውን፣ ሰርፕራይዙን፣ "ማን ያውቃል"ን... ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ልዩነቱ እኔ ያደረግኩት በሰው አገር በዶላር፣ አንተ ልታደርገው ያሰብከው በአገርህ በብር መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ምክሩ ከመግባቴ በፊት ጉዴን ላውራ። ይሄን ነገር እስከ ዛሬ በዚህ አምድ አንስቼው አላውቅም። አፍሬ ነዋ!

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2019 ነው። ያኔ የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ነበር። ሥራዬ መኪና መንዳት። እዚያ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ከተማ መሪ ጨብጦ የሚያድረው ሐበሻ ብዙ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ተራ የምንጠብቅበት ሜዳ ላይ መኪናችንን ደርድረን፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘን፣ ስለ አገር ቤት የቤት ዋጋና ስለ ፖለቲካ ስንጨቃጨቅ ነው የሚመሸው። በዚያ ዓመት ማርች ላይ ግን ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ አክሲዮን! ሌላ ጨዋታ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በስልክ እየተጠሩ ሰው በማሳፈር ሥራ ሁለቱ የታወቁት ኡበርና ሊፍት ናቸው። ትልቁ ኡበር፣ ትንሹ ሊፍት። (ሊፍት ስል ፎቅ የሚያወጣውን ማለቴ አይደለም። ያኛው እንኳ መውጣትም ያውቅበታል!) ሁለቱም አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ለመሸጥ ሲሽቀዳደሙ ትንሹ ቀደመና ማርች 29 ቀን ናዝዳክ በሚባለው ገበያ ላይ ወጣ። የመነሻ ዋጋው ለአንዱ አክሲዮን 72 ዶላር ነበር። ገበያው ሲከፈት በ87 ተጀመረ፤ ማምሻውን በ78 ገደማ ዘጋ። ሰኞ ኤፕሪል 1 ላይ ደግሞ ወደ 69 ወረደ።

ለእኛ ለሹፌሮች ነገሩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። ሊፍት 10 ሺህ ጉዞ ለሞላ ሹፌር 1,000 ዶላር፣ 20 ሺህ ለሞላ ደግሞ 10 ሺህ ዶላር ጉርሻ ሰጥቷል፤ የፈለገ በዚያው ገንዘብ በመነሻው ዋጋ አክሲዮን መግዛት ይችል ነበር። ከመሐላችን አንዱ 10 ሺህ ጉዞውን ሞልቶ 1,000 ዶላሩን ወሰደና ለመኪናው አራት አዲስ ጎማ ገዛበት። ሳቅንበት። "አክሲዮን መግዛት ሲቻል ጎማ ይገዛል እንዴ ሰው?" አልን። እኔ ከሁሉም አስበልጬ ነበር የሳቅኩት። እሱ በዚያ ጎማ ከሁለት ክረምት በላይ ነድቶበታል።

አሁን ስሌቴን ላስረዳችሁ፤ ጨርሶ ቂል እንዳልነበርኩ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። በ2018 የኡበር ገቢ 11.3 ቢሊዮን ዶላር፣ የሊፍት ደግሞ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ማለትም ትንሹ የትልቁን አንድ አምስተኛ ያህላል። በ2018 ኦክቶበር ላይ ጋዜጦቹ ኡበር ገበያ ሲወጣ እስከ 120 ቢሊዮን ዶላር ሊገመት እንደሚችል ባንኮች እንደነገሩት ጽፈው ነበር። 120ን ለአምስት ስታካፍለው 24 ቢሊዮን ይመጣል። ሊፍት ደግሞ በ72 ዶላር የመነሻ ዋጋው ሲሰላ ጠቅላላ ግምቱ ያው 24 ቢሊዮን ገደማ ነበር። "እህ!" አልኩ። "አሁን ከ72 በታች ወርዷል ማለት እኮ ከትክክለኛ ዋጋው በታች እየተሸጠ ነው ማለት ነው። ኡበር በሜይ ሲወጣ ሰው በስሜት ይገዛዋል፤ 120ውም ያልፋል። ያኔ ሊፍትም ተጎትቶ ወደ 87 ይመለሳል።" ወረቀት ላይ ስታየው እኮ ያምራል! መቶ አክሲዮን ብገዛ ከእያንዳንዱ 17 ዶላር፣ በድምሩ 1,700 ዶላር ትርፍ። የቪዲዮውንና የዲኮሩን ወጪ ይሸፍናል።

አዎ፣ ለሠርግ ነበር። እኔና እጮኛዬ በጋራ የባንክ ሂሳባችን 8,300 ዶላር አጠራቅመን ነበር። እሷ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆና እየሠራች፣ እኔ እየነዳሁ። በኤፕሪል የመጀመሪያ ሳምንት ከዚያ ላይ 7,000 ዶላር አውጥቼ በ70 ዶላር ሒሳብ 100 አክሲዮን ገዛሁ። በስልኬ ነው የገዛሁት፣ ሜዳው ላይ ቆሜ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

አልነገርኳትም። "ሰርፕራይዝ"!

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ዋጋው ከ74 በላይ ወጣ። በሁለት ቀን ከ400 ዶላር በላይ! ለዚያ ያህል ብር ስንት ሰው ከኤርፖርት ዲሲ ማመላለስ እንዳለብኝ እያሰላሁ ብቻዬን መኪና ውስጥ እስቃለሁ። እሑድ ዕለት ከእጮኛዬ ጋር ቡና ስንጠጣ "ምን አግኝተህ ነው ጥርስህ የማይከደነው?" አለችኝ። "አንቺን ነዋ" አልኳት። አይ እኔ!

ከዚያ መውረዱ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ አንድ ወሬ ተሰማ፤ ኡበር የሚጠይቀው ግምት 120 ቢሊዮን ሳይሆን ከ90 እስከ 100 ቢሊዮን ነው ተባለ። ኤፕሪል 10 ቀን ሊፍት በአንድ ቀን 11 በመቶ ያህል ወርዶ 60 ዶላር ገባ። በማግስቱ ኡበር የሒሳብ መዝገቡን ለሕዝብ ገለጠ። እንግሊዝኛው እያደናገረኝም ቢሆን አነበብኩት። በ2018 ከሥራው ብቻ 3 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። ወደፊትም ላያተርፍ እንደሚችል ራሱ በጽሑፍ አስፍሯል። የእኔው ሊፍትም በዚያው ዓመት 911 ሚሊዮን ዶላር ከስሮ ነበር፤ ይህንን ከመግዛቴ በፊት ላነበው ስችል አላነበብኩትም። ስለ ትልቁ ወሬ ስሰማ ስለ ገዛሁት ስለ ትንሹ ረስቼ ነበር።

ሜዳው ላይ አንድ ጋሼ የምንላቸው ታክሲ ነጂ ነበሩ። ከእኛ በፊት ብዙ ዓመት ነድተዋል። በኡበርም በሊፍትም ሠርተው አያውቁም፤ አሮጌዋን ታክሲያቸውን ሙጭጭ ብለው ነው የያዙት። ፊቴ ጠቁሮ ሲያዩኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ለእጮኛዬ ሳልነግር ለእሳቸው መናገሬ ራሱ ያሳፍራል።

"እስቲ ልጠይቅህ" አሉኝ። "እዚህ ሰፈር አንድ የሐበሻ ሱቅ ብቻ ቢኖር፣ እንጀራውም በርበሬውም እዚያ ብቻ ቢሸጥ፣ ሰው የት ይሄዳል?"

"እዚያው ነዋ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ፊት ለፊቱ አምስት እጥፍ የሚበልጥ ሱቅ ሊከፈት ነው ተብሎ ማስታወቂያ ቢለጠፍ፣ የትንሹ ሱቅ ባለቤት ደስ ይለዋል?"

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው መስታወታቸውን መወልወል ቀጠሉ።

ያን ጊዜ የገባኝን ለአንተም ልንገርህ፤ የደብዳቤህ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። ትልቁ ገበያ እስኪወጣ ድረስ በዚያ የሥራ ዘርፍ ገንዘቡን ማስገባት የሚፈልግ ባለሀብት ሁሉ ምርጫው አንድ ብቻ ነው፤ ትንሹን መግዛት። ስለዚህ ትንሹ ከሚገባው በላይ ሊወደድ ይችላል። ትልቁ ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ሰው አማራጭ ያገኛል። ትልቁን ለመግዛት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ትንሹን ሸጦ! ባልደረባህ "ሰው ይሻማበታል" ያለው ነገር ሊፈጸም ይችላል፤ ሽሚያው ግን ለመግዛት ሳይሆን ለመሸጥ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ወሬውን አንተ ከሰማህ ገበያው ቀድሞ ሰምቶታል። በወሬው የገዙት ነገሩ እውን ሲሆን ነው የሚሸጡት።

ልቀጥል። በኤፕሪል መጨረሻ ኡበር ለአንዱ አክሲዮን ከ44 እስከ 50 ዶላር እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በየሳምንቱ ትልቁ ሲያጥር ትንሹም አብሮ ያጥራል። ሜይ 7 ቀን ሊፍት የመጀመሪያ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ፤ በሦስት ወር 1.14 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ገበያ በመውጣቱ ምክንያት ለሠራተኞቹ የሰጠው አክሲዮን ሒሳብ ነው፤ ቢሆንም በማግስቱ 11 በመቶ ያህል ወረደ።

ያ ማግስት ሜይ 8 ነበር። በዚያው ቀን በበርካታ ከተሞች ሹፌሮች ስልካቸውን አጥፍተው አድማ መቱ፤ ክፍያችን ይስተካከል ነው ጥያቄው። እኔም አጠፋሁ። ግን ልብ በሉ፣ ሹፌር ሆኜ አድማው እንዲሳካ እመኛለሁ፤ ባለ አክሲዮን ሆኜ ደግሞ እንዳይሳካ እጸልያለሁ! ጓደኞቼ ፊት ቆሜ "ድል ለእኛ" እያልኩ ኪሴ ውስጥ ስልኬን እየነካካሁ ዋጋ አያለሁ። እንዲህ ዓይነት ሁለት ልብ ያለው ሰው እንቅልፍ ይተኛል ብላችሁ ነው? አልተኛሁም።

ሜይ 9 ማታ የኡበር ዋጋ ተቆረጠ፤ 45 ዶላር። ጠቅላላ ግምቱ 82 ቢሊዮን ዶላር ገደማ። በማግስቱ ገበያው ሲከፈት በ42 ጀምሮ በ41.57 ዘጋ። ከመነሻ ዋጋው በታች! ሊፍትም በዚያው ቀን 7 በመቶ ወርዶ 51 ገባ። ሰኞ ሜይ 13 ኡበር 37 ዶላር ገደማ፣ ሊፍት 48 ዶላር ገደማ።

ያን ሰኞ በ48 ሸጥኩ። 7,000 ዶላሬ 4,800 ሆኖ ተመለሰ።

ማታ ያችን አሮጌ ወረቀቴን አወጣሁ። 120ን ለአምስት ያካፈልኩባትን። አሁን 82ን ለአምስት አካፈልኩ፤ 16.4 ቢሊዮን። 24 ቢሊዮኑ 72 ዶላር ከሆነ፣ 16.4ቱ ስንት ይሆናል? 49 ዶላር ገደማ! እኔ ደግሞ የሸጥኩት በ48። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው። ስሌቴ ትክክል ነበር! የተሳሳተው መስፈሪያው ነው። በ70 ዶላር ስገዛ ርካሽ ነገር የገዛሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የ120 ቢሊዮኑን ወሬ እንደ እውነት ቆጥሬ ሙሉ ዋጋውን ከፍዬበታለሁ። ጭማሪ እንዲኖረኝ ኡበር ከ120ም በላይ መውጣት ነበረበት። አንተም ብትሆን ሻጩ የጠራልህ ዋጋ ውስጥ የትልቁ ወሬ አስቀድሞ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቅ። ሻጩም ጆሮ አለው።

ይሄ በእኔና በሊፍት ላይ ብቻ የደረሰ አይምሰልህ። ፌስቡክ ሜይ 18 ቀን 2012 በ38 ዶላር ገበያ ሲወጣ፣ ፌስቡክ ላይ የሚጫወቱትን ጌም የሚሠራው ዚንጋ የሚባለው ትንሽ ኩባንያ በዚያው ዕለት 13 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ንግዱም ለጊዜው እስከ መቆም ደርሶ ነበር። እሱ ተፎካካሪ ሳይሆን ጥገኛ ነበር፤ ሰዉ ግን ያው "ትልቁ ሲወጣ ይጎትተዋል" ብሎ ነበር የገዛው። በእርግጥ አንዳንዴ ተጎትቶ የሚወጣም አለ፣ አልክድም። እኔ የምልህ ገመዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይጎትታል ነው።

"ብትታገስ ይመለስልህ ነበር" የሚለኝ አይጠፋም። ወይ መመለስ! ሊፍት በ2023 ከ10 ዶላር በታች ወርዷል። ወደ ላይ የተመለሰው ትልቁ ነው፤ ኡበር በ2024 ከ70 ዶላር በላይ ተሸጧል። ማለትም ትልቁ በስተመጨረሻ ተሳክቶለት እንኳ ትንሹን አልጎተተውም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ገንዘቡን ማለቴ አይደለም።

ከመሸጤ በፊት በነበረው ቅዳሜ እጮኛዬ ለአዳራሹ ቀብድ 2,500 ዶላር ልትከፍል ሂሳባችንን ከፈተች። 1,300 ዶላር አገኘች። መጀመሪያ ባንኩ ተሳስቷል ብላ ደወለችላቸው፤ በእኔ ፋንታ ከማያውቁት ሰው ጋር ተከራከረችልኝ። ከዚያ ደወለችልኝ። ሰው አሳፍሬ እየነዳሁ ነበር፤ አላነሳሁም። ሦስት ጊዜ ደወለች። ተሳፋሪውን አውርጄ መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩላት። "ገንዘቡ የት ነው?" ስትለኝ ውሸት አሰብኩ፤ ሦስት ያህል አሰብኩ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። አንዱም አልመጣልኝምና እውነቱን ነገርኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ በወደድኩ። ማታ ሥራ ሄደች፤ እሑድ ከሥራ ስትመለስ አልተገናኘንም። ሰኞ ከሸጥኩ በኋላ ቤቷ ሄጄ ቁጭ ብዬ 2,200 ዶላር ጠፋ አልኳት። እንዲህ ነው ያለችኝ፦

"2,200ውን ሁለታችንም ትርፍ ሰዓት ሠርተን እንመልሰዋለን። አንተ ግን አርባ ቀን ያህል ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ ቡና ጠጥተሃል። ሲወጣ ብቻህን ሳቅህ፣ ሲወርድ ብቻህን አለቀስክ። እኔ የት ነበርኩ?"

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ሠርጉን ከጁላይ ወደ ኖቬምበር አሸጋገርነው። እናቷ ከአገር ቤት ቪዛ አግኝተው ለጁላይ ሊመጡ የነበሩት በኖቬምበር አልተመቻቸውም፤ ታላቅ ልጃቸውን ሲድሩ በስልክ ነው ያዩት። ይህን ይቅር ብላኛለች፤ እኔ ግን የሠርጉን አልበም ስገልጥ ያቺን በሰው እጅ የተያዘች ስልክ ባየሁ ቁጥር ገጹን ቶሎ አልፈዋለሁ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ወደ አንተ ጉዳይ።

በእኔና በአንተ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ እሱም ለአንተ የሚብስ ነው። እኔ ሲከፋ በስልኬ በአንድ ደቂቃ ሸጫለሁ፤ ኪሳራም ቢሆን ገዢ ነበረ። እዚህ አገር የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ባልደረባህ የነገረህ ኩባንያ እዚያ ገበያ ላይ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ "ዋጋው እጥፍ ሆነ" የሚለውን ከማን ነው የምትሰማው? ከዚያው ከባልደረባህ? እሺ ይሁን፣ እጥፍ ሆነ እንበል፤ በታኅሣሥ ወር "የሠርግ ገንዘቤን ልቀበል" ስትል የሚገዛህ ማን ነው? ዛሬ ሻጩ አንተን እየፈለገ ያለው ገዢ በቀላሉ ስለማይገኝ ሊሆን እንደሚችል አስበኸዋል? የወረቀት ትርፍ ለዳስ ተከራይ አይከፈልም።

"በቅርቡ" የምትለዋንም ቃል ፍራት። የኢትዮ ቴሌኮምን አስታውስ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. አንዱን በ300 ብር 100 ሚሊዮን አክሲዮን ለሕዝብ አቀረበ። የሽያጩ ማብቂያ ተራዝሞ እስከ የካቲት ሄደ፤ በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነበር። በስሙና በስፋቱ ከእሱ የሚበልጥ የት ይገኛል? እንግዲህ ቀኑም የገዢው ብዛትም በወሬ አይወሰንም ማለት ነው። የአንተ ሠርግ ግን ጥር ላይ ነው፤ ማንም አያራዝምልህም።

እንዲያው ጨርሶ አትግዛ አልልህም። አክሲዮን ጠላቴ አይደለም፤ ከዚያ በኋላም ትንሽ ትንሽ ገዝቻለሁ። ግን ኩባንያው ራሱ ምን ይሠራል፣ ባለፉት ዓመታት አትርፏል ወይ፣ ለባለ አክሲዮኖቹስ ምን ከፈለ? የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርቱን ጠይቅና አንብብ። ትልቁም በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ "ደንበኛ ሳቢ መግለጫ" የሚባል ሰነድ ማውጣት አለበት፤ ያ ሰነድ ሳይወጣ ስለ ዋጋው የሚወራው ሁሉ የሜዳ ላይ የሻይ ወሬ ነው። አገናኙ ሰው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ አለው? ዝውውሩስ በኩባንያው የባለ አክሲዮኖች መዝገብ ላይ በስምህ ይሰፍራል? "ወረቀቱ ኋላ ይደርሳል" ካሉህ ቶሎ ብለህ ተነሥተህ ውጣ።

ይህን ሁሉ አጣርተህ ኩባንያው ጥሩ ሆኖ ብታገኘው፣ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ከራስህ ደመወዝ፣ ለዓመታት ብታጣው የማያሳስብህን ያህል ግዛ። ትልቁ መጣ አልመጣ እያልክ ሳይሆን ኩባንያውን ወደህ።

ስለ ቅዳሜው ቀጠሮም ልንገርህ። ይህን ጋዜጣ ስታነብ ዓርብ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ማታ እጮኛህን ቡና ጋብዛትና ያን ለእኔ የጻፍከውን ደብዳቤ፣ "ሰርፕራይዝ" የምትለዋን ሳትሰርዝ፣ አስነብባት። ግማሹ ብር እኮ የእሷ ነው! ሂሳቡ በአንተ ስም መሆኑ የባንክ አሠራር እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም። አንብባ "እንሞክረው" ካለችህ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባም። ከፋት ደግሞ አሁን ይክፋት፤ ገና ብሩ ባንክ አለ። እናም ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ፤ አንባቢያንም መስማት ይፈልጋሉ።

በነገራችን ላይ ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች። ሳትስቅም ሳትቆጣም እርሳሷን አንስታ አንድ ቦታ ብቻ አረመችልኝ። "የጠፋው 2,200 አይደለም" አለች፤ "ስትገዛና ስትሸጥ የተቆረጠብህን ኮሚሽን ረስተሃል። 2,214 ነው።"